ለመጀመሪያው ማታ ሁለት ስንኝ ይበቃል

ልጆቹ ከተኙ በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጠው ያመሻሉ? እንግዲያው ከረጅም ልብ ወለድ አይነሱ። የቅኔ ቤት ተማሪ እንኳ የሚጀምረው ባለ 2 ቤት ከሆነው ጉባኤ ቃና ነው፤ ባለ 8 ቤቱ መወድስ ኋላ ይደርሳል። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር ጸጥ ያለ ቦታ ፈልጎ ብቻውን ይቀመጣል።

እርስዎም አንድ ግጥም ወይም አጭር ልብ ወለድ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡ። ልብዎን የነካው ምኑ ነው? ስስት፣ ናፍቆት፣ ኩርፊያ ሊሆን ይችላል። ያንኑ ስሜት ከራስዎ ቤት ፈልገው በ2 ስንኝ ያስፍሩት። ለዚያ ማታ ይበቃል።

የሚጽፉት ነገር ካጡ ደግሞ ወላጆችዎን ያጫውቱ። ባለቅኔው መንግሥቱ ለማ የአባታቸውን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ በቴፕ ቀድተው በ1959 ዓ.ም. ለመጽሐፍ አብቅተውታል። ዛሬ መቅጃው በኪስዎ ባለው ስልክ ውስጥ አለ፤ ተራኪዎቹ ግን ሁልጊዜ አይገኙም። የፊታችን እሑድ ቡናው ሲፈላ እናትዎን አስፈቅደው ስልኩን ይክፈቱ። የተዳሩበትን ቀን ይጠይቋቸው፤ ከዚያ ጨዋታውን ሳያቋርጡ ያዳምጡ።