ባሕር በመጽሐፍ ስለ ተሻገረ ወጥ

የሁለት አገር ማእድ ቤት የሚገናኝበት የወጥ አሠራር መጽሐፍ የዛሬ ዘመን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ወይዘሮ ሐና ግላስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ለንደን ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ በህንድ ወግ የሚሠራ ካሪ አስገብተዋል። በመጀመሪያው እትም ቅመሙ ቁንዶ በርበሬና ድንብላል ብቻ ነበር፤ ድንብላሉንም በንጹሕ አካፋ ላይ ቆልቶ መውቀጥ ነው። ዝንጅብልና እርድ የገቡት በኋለኞቹ እትሞች ነው።

የቅመሙን ማነስ አንነቅፍም፤ ያልተገኘውን ከየት ያምጡት? የሚያሳዝነው ህንዶች በየስሙ የሚለዩአቸው ብዙ ወጦች በእንግሊዞች ዘንድ ካሪ በሚባል አንድ ስም መጠቅለላቸው ነው።

ይህ በእኛም ወጥ ሊደርስ ይችላል። በርበሬ ራሱ ዘሩ ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነውና በሌላ ቢተካ አንቈጣም። ሽንኩርቱ ግን አስቀድሞ ያለ ቅባት፣ በዝግታ፣ ለረጅም ጊዜ ካልተቁላላ ዶሮ ወጥ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ዶሮ ወጥን ለባዕድ አንባቢ የሚያስተምር መጽሐፍ ስናገኝ አስቀድመን የምንፈልገው የቅመሙን ዝርዝር ሳይሆን ሽንኩርቱ ስንት ደቂቃ ይቁላላ እንደሚል ነው።