የፖስትግረስ ተራ አስከባሪ

የአፕሊኬሽን ቅጂዎችን በሚያስተዳድረው ኩቤርኔቲስ ላይ የሚሠራ አንድ የመገበያያ አፕሊኬሽን እናስብ። በአዘቦት ቀን 3 ቅጂ ይበቃዋል። እያንዳንዱ ቅጂ ሲነሳ ከዳታቤዙ ጋር 10 ኮኔክሽን ይከፍታል፤ በድምሩ 30 ማለት ነው። የበዓል ገበያ ደርሶ ተጠቃሚ ሲጎርፍ ኩቤርኔቲስ ቅጂዎቹን በራሱ 40 ያደርሳቸዋል፤ ኮኔክሽኑም 400 ይሆናል። ዳታቤዙ ፖስትግረስ ግን መነሻ ቅንብሩ ካልተነካ የሚቀበለው 100 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ 3ቱ ለአስተዳዳሪው የተያዙ ናቸው። የቀሩት ጠያቂዎች «ደንበኛ በዝቷል» ተብለው ይመለሳሉ፤ ሸማቹም የማይከፈት ገጽ ላይ አፍጥጦ ይቀራል።

ፖስትግረስ እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲጀመር፣ በደቂቃ ውስጥ በዝቶ በደቂቃ ውስጥ የሚከስም አፕሊኬሽን አልነበረም። ፖስትግረስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን አንድ ፕሮሰስ ያስነሳል፤ ፕሮሰሱ ሥራ ቢፈታም ሚሞሪ ይይዛል። ብዙ ሰው ታዲያ መጀመሪያ የሚያደርገው የ100 ጣሪያውን ወደ 1000 ማሳደግ ነው። ይህ መፍትሔ አይደለም። 8 ኮር ባለው ማሽን ላይ በአንድ ቅጽበት የሚሠሩት 8 ፕሮሰሶች ናቸው፤ ሌሎቹ እርስ በርስ እየተሻሙ ሁሉንም ያዘገያሉ።

ፒጂባውንሰር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በስካይፕ ባለሙያዎች ተጽፎ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የተለቀቀ ትንሽ ፕሮግራም ነው። በአፕሊኬሽኑና በዳታቤዙ መካከል ቆሞ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ የሚጠብቀውን ደንበኛ ክፍት ወደሆነው ኮኔክሽን ይመራል። የሚናገረው የፖስትግረስን ቋንቋ ስለሆነ አፕሊኬሽኑ ልዩነቱን አያውቅም፤ አድራሻውን ወደ ፒጂባውንሰር ማዞርና 5432 ፖርትን በ6432 መተካት ይበቃል። ለአንድ ደንበኛ የሚያወጣው ሚሞሪ 2 ኪሎባይት ገደማ ስለሆነ ሺዎችን አሰልፎ ማቆየት አይከብደውም።

ዋናው ጥበቡ ትራንዛክሽን በሚባለው አሠራር ላይ ነው። አፕሊኬሽኑ ሒሳብ ቀንሶ፣ ትዕዛዝ መዝግቦ «ኮሚት» እንዳለ ኮኔክሽኑ ከእጁ ይወጣና ለሚቀጥለው ይሰጣል። ሥራው በጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚያልቅ 20 ኮኔክሽን መቶዎችን ያስተናግዳል።

ዋጋ ግን ያስከፍላል። አንዱ ደንበኛ «ከ2 ሰከንድ የሚረዝም ጥያቄ ይቋረጥ» ብሎ ኮኔክሽኑን ቢያዝዘውና ቢለቀው፣ ትእዛዙ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ የሚረከበው ሌላ ደንበኛ የወር መጨረሻ ሪፖርቱ መሀል ላይ ይቆረጥበታል፤ ምክንያቱን ከራሱ ኮድ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም። መድኃኒቱ «ሴት ሎካል» ነው፤ ከትራንዛክሽኑ ጋር አብሮ ያበቃል። ፕሪፔርድ ስቴትመንት የሚባሉት አስቀድመው የተሰናዱ ጥያቄዎችም በዚህ አሠራር ለዓመታት ሲያስቸግሩ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የፒጂባውንሰር 1.21 እትም ነው መላ ያበጀላቸው።

የሚቀመጥበትም ቦታ ወሳኝ ነው። ከእያንዳንዱ ቅጂ ጎን ፒጂባውንሰር ከተተከለ የኮኔክሽኑ ቁጥር ተመልሶ ይባዛል። መሀል ላይ 3 ቢቆሙና እያንዳንዳቸው 20 ኮኔክሽን ቢይዙ ግን 60 ነው፤ ከ97 በታች። የሰንጠረዥ ቅርጽ የሚለውጡ ሥራዎች ግን ፒጂባውንሰርን አልፈው በቀጥታ በ5432 ይግቡ። በፒጂባውንሰር የአስተዳዳሪ መስኮት «ሾው ፑልስ» ሲባል የሚታየው የተሰለፉ ደንበኞች ቁጥር ለረጅም ጊዜ ከዜሮ ካልወረደ፣ የኮኔክሽኖቹን ስብስብ (ፑሉን) ከማስፋት ይልቅ ኮኔክሽን ይዞ የሚቆየውን ቀርፋፋ ጥያቄ መፈለግ ይቀድማል።