ዝሆኔ የኃጢአት ደመወዝ አይደለም

ቦንጋ ዙሪያ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጡ አንድ አባት ሰሞኑን ጨርቃቸውን ፈትተው ያሳዩት እግር እስከ ጉልበት አብጧል፤ በጣቶቹ መሐል ቁስል አለ፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። «አባባ፣ እስከ ዛሬ ለምን ዘገዩ?» ሲባሉ በካፊ ኖኖ ቋንቋ የሰጡት መልስ አጭር ነው። አንድ ሰባኪ «የተደበቀ ኃጢአት አለብዎት፤ እስኪናዘዙ አይለቅዎትም» ብሏቸው ኖሯል። እሳቸውም ያልሠሩትን ሁሉ ሲናዘዙ ከረሙ። አብሯቸው የመጣው ልጅ ግን አንድ ነገር አልዋጥ ብሎታል፦ በሐሰት ምስክር የሰው መሬት ወስዶ የከበረው ጎረቤታቸው እግሩ ለምን ጤነኛ ሆነ?

ጥያቄው የልጁ ብቻ አይደለም። የአሳፍ መዝሙር (በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ 73ኛው፣ በግእዙ ዳዊት 72ኛው) ይህንኑ ያነሳል፤ ኤርምያስና ዕንባቆምም ለእግዚአብሔር ፊት ለፊት አቅርበውታል። የሰባኪው መልስ ግን የጤና ባለሙያን ያናድዳል፤ ይህን የሚጽፈው ነርስም ተናዷል። ስለዚህ በቅደም ተከተል፦

1ኛ. እግሩን ያሳበጠው ምን እንደሆነ ይታወቃል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪም በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ሲመራመር ይህ ዓይነቱ ዝሆኔ በትንኝ ከሚተላለፈው የተለየ መሆኑን፣ መነሻውም ቀይ አፈር መሆኑን አሳየ። ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ቀይ አፈር፣ ከፍታና ብዙ ዝናብ ባለበት ይገኛል፤ ከፋ ሦስቱም አላት። ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የማዕድን ብናኝ ይገባል፣ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል፣ ፈሳሹ መሄጃ አጥቶ ይጠራቀማል። ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ደግሞ አንዳንዱ ሰው በዘር የበለጠ ተጋላጭ መሆኑን አሳይቷል፤ «ቤተሰቡ ተረግሟል» የሚያሰኘው ይኸው ነው። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በአገራችን በዚህ በሽታ የተያዘው ሰው ወደ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ምን አድርጎ ነው?

2ኛ. ኃጢአት ፈላጊው ሰባኪ የተጣላው ከገዛ መጽሐፉ ጋር ነው። ኢዮብ 7 ሺህ በጎች፣ 3 ሺህ ግመሎችና 10 ልጆች ነበሩት፤ ሁሉንም አጣ፣ ገላው ቆሰለ። ሦስት ወዳጆቹ መጥተው 7 ቀን ያለ አንዲት ቃል አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ደህና አስታማሚዎች ነበሩ፤ የተበላሸው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ከመካከላቸው ኤልፋዝ ያለው ዛሬ በድምፅ ማጉያ ከሚሰማው አይለይም፦ ንጹሕ ሰው እንዲህ አይደርስበትም፣ ራስህን መርምር። ምዕራፍ 42 ላይ እግዚአብሔር የተቆጣው በኢዮብ ሳይሆን በእነርሱ ነው፤ ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም የተላኩት እነርሱ ናቸው። ሰባኪዎቻችን ከዚያ ምዕራፍ የሚያስታውሱት ግመሎቹ 6 ሺህ መሆናቸውን ብቻ ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ከልደቱ ጀምሮ ዕውር የሆነውን ሰው አይተው ጥፋተኛ ሲፈልጉ፣ ክርስቶስ ሰውየውንም ወላጆቹንም ነጻ አድርጓል። በሰሊሆም ግንብ ተደርምሶባቸው ያለቁት 18 ሰዎችም ከሌላው የባሱ እንዳልነበሩ ተናግሯል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ?

3ኛ. «ክፉ የእጁን ያገኛል» የሚለውም በዚህ ዓለም ሁልጊዜ አይሠራም። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፣ አቡነ ሚካኤል በ1929 ዓ.ም. እዚሁ ምዕራቡ ላይ በጎሬ በፋሺስቶች ተረሸኑ። የየካቲት 12ና የደብረ ሊባኖስ ጭፍጨፋ ባለቤት ግራዚያኒስ? በ1950 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ፍርድ ቤት 19 ዓመት ፈረደበት፤ ያውም ከናዚ ጋር በመተባበሩ እንጂ በኢትዮጵያውያን ደም አይደለም። በወራት ውስጥ ተፈታ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጣሊያኗ አፊሌ ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት።

የከፋ ታሪክ ይበልጥ ይወሳሰባል። የከፋው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መባቻ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዞ ከ20 ዓመት በላይ በግዞት ኖሮ ሞተ፤ ድል ያደረጉት ራስ ኋላ ንጉሥ ተባሉ። ግን የከፋ ቤተ መንግሥትም ባሪያ ይሸጥ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ ከመጡት ፈንጋዮች መካከልም ማተብ ያሰሩ አልጠፉም። ደግና ክፉን ለመደልደል የሚቸኩል ሰው እዚህ ጋ ቢጠነቀቅ ይሻላል። የተሸጠችው ልጅ ግን ምን በደለች?

ክርስትና ለዚህ ቀመር የለውም። ስንዴውና እንክርዳዱ እስከ መከር አብረው ይቆዩ ማለቱ ፍርዱ ቀርቷል ማለት አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚሰብከው ያለ በደሉ የተሰቀለውን ነው፤ በስቅለት የሚያምን ሰው የተሠቃየን ሁሉ ጥፋተኛ ማድረግ አይችልም።

የሚያንገበግበው ሌላ ነው። የብልጽግና ወንጌል የሚባለው (ከፓርቲው ጋር አይያያዝም) ሀብትን የእምነት ማስረጃ፣ በሽታን የእምነት ጉድለት አድርጎታል። ይህ ለሌባ ይመቸዋል፤ የሰረቀውን «በረከት» ይለዋል፣ እልል የሚልለትም አያጣም። በአንድ ቤተ እምነት ብቻ የሚታይም አይደለም። እግሩ ይሸታል ተብሎ ከቅዳሴ የሚቀር አለ፤ ከጸሎት ቤት የኋላ ወንበር የሚነሣም አለ። ለድምፅ ማጉያ መዋጮ የሚሰበስብ ጉባኤ ለአንድ ሕፃን ጫማ መግዛት ትዝ አይለውም። መሥሪያ ቤቶቹም እንደዚያው! ወርክሾፕ በአበል ይካሄዳል፣ ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ግን ሳሙናና ፋሻ የለውም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፦ እግሩ ማበጥ የጀመረ ሰው ካወቃችሁ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በጊዜ ከተደረሰበት እብጠቱ ይቀንሳል። በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ፣ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ ይዘፍዘፍ (መጠኑን ባለሙያ ያሳያችሁ)፣ ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ ያድርግ። ጸሎቱንም አትከልክሉት። ለልጆቻችሁ ጫማ ግዙ። «ኃጢአቱን ይናዘዝ» የሚል ሰባኪ ከመጣ ደግሞ በመጀመሪያ ዮሐንስ 9ን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት።