ጎድዚላን ማን ቀሰቀሰው?

ጎድዚላ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? እኔ ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ያየሁት፣ ፎቅ እየረገጠ የሚያልፍ እንሽላሊት መሰል አውሬ ነበር ትዝ የሚለኝ። ያኔ እየሳቅን ነው ያየነው። በቅርቡ ግን ከዶርም ጓደኞቼ ጋር የመጀመሪያውን፣ ጥቁርና ነጩን የጃፓን ፊልም ሳየው ሳቁ ጠፋብኝ። ለካ አውሬው ዝም ብሎ የመጣ አይደለም!

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ማርች 1 ቀን 1954 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ቢኪኒ በተባለ ቦታ «ካስል ብራቮ» የሚል ስም የተሰጠውን የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከረች። ጉልበቱ 15 ሜጋቶን ነበር። ይህም ሂሮሺማ ላይ የተጣለውን ቦምብ አንድ ሺህ እጥፍ ያህላል። ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው የገመቱት የዚህን ግማሽ እንኳ አይሞላም ነበር። 23 ሰዎችን የያዘች አንዲት የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ አደገኛ ተብሎ ከተከለለው ክልል ውጭ ነበረች፤ ግን ጨረር ያዘለ ነጭ አመድ ዘነበባት። ሁሉም ታመሙ። የሬዲዮ ኦፕሬተሩ አይኪቺ ኩቦያማ በሴፕቴምበር ሞተ። በጃፓን ገበያዎችም የተበከለ ዓሣ እየተለየ ተጣለ።

የኢሺሮ ሆንዳ ፊልም ሲኒማ ቤት የገባው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። የሚጀምረውም በባሕር ላይ ባለች መርከብና ድንገት በሚፈነዳ ብርሃን ነው። ተመልካቹ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ ወሬውን ከጥቂት ወራት በፊት በጋዜጣ አንብቦታል። ጎድዚላ ከባሕር ሥር የሚኖር ጥንታዊ ፍጡር ነው፤ መኖሪያውን ያናጋበትና ጨረር ያጠጣው የሰው ቦምብ ነው። ፊልሙ ሲያልቅም አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ሙከራው ካልቆመ ሌላ ሊመጣ እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

እስቲ እንደ ጋዜጠኛ እናስበው። ጨረር አይታይም፣ አይሸትም፣ ፎቶ አይነሳም። በዚያ ላይ ጃፓን በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረችበት ጊዜ ስለ አቶሚክ ቦምብ ጉዳት የሚጻፈው በሳንሱር ያልፍ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል እንዲሉ፣ በዜና ያልወጣው በፊልም ወጣ። የማይታየው ጉዳት አካል አገኘ።

ታዲያ በ1956 ምን ሆነ መሰላችሁ? ፊልሙ ለአሜሪካ ተመልካች እንደገና ተቆራርጦ ቀረበ። ሬይመንድ በር የተባለ ተዋናይ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሆኖ ተጨመረበት፤ ስለ ቦምቡ የሚነገረው አብዛኛው ተቆረጠ። ጋዜጠኛ ጨምረው ምክንያቱን ቀነሱ ማለት ነው! አውሬው አለ፣ የሚነደው ከተማም አለ፤ የቀሰቀሰው ማን እንደሆነ ግን ደበዘዘ። ዋናው ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በስፋት የታየው በ2004፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

ጃፓኖቹ ግን ጥያቄውን አልተዉትም። በ1971 ጎድዚላን ሄዶራ ከሚባል አውሬ ጋር አጋጠሙት። ሄዶራ በቆሻሻ ዝቃጭ የሚያድግ፣ የፋብሪካ ጭስ የሚመገብ ነው። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም የተቋቋመው በዚያው ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ የማወራው ለምን መሰላችሁ? አምና አንድ ጓደኛዬ ጣና ዳር ክሊፕ ሲቀርጽ ረዳሁት። ከፊታችን ያለው ውሃ በእምቦጭ ተሸፍኖ ነበር። ጀልባ ቀዛፊው «ልጆቼ፣ ይሄንንስ አታነሱትም?» ሲሉን «አባባ፣ ክሊፑን ያበላሽብናል» አልናቸውና ካሜራውን ንጹሕ ውሃ ወዳለበት አዞርነው። እሳቸው ምንም አላሉም። ክሊፑም አምሮ ወጣ፤ ሰውም ወደደው።

እምቦጭ በጣና መታየቱ የተነገረው በ2011 ነው። አረሙ የሚፋፋው ከእርሻ በሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ በሚወርድ ፍሳሽ ነው፤ ማለትም እሱንም የምንቀልበው እኛው ነን። ያን ቀን ያደረግነው የ1956ቱ አዘጋጆች ካደረጉት በምን ይለያል? እነሱ ምክንያቱን ቆረጡ፤ እኛ ደግሞ አውሬውንም ጭምር።

የዘንድሮው የዶክመንተሪ ፕሮጀክታችን እዚያው ቦታ እንዲሆን ከቡድኔ ጋር ተስማምተናል። አባባንም ፈልገን፣ ያን ቀን ሊያሳዩን የፈለጉትን እንጠይቃቸዋለን። ቸር ይግጠመን!