ጤና ኬላው ሳይደርስ የምትደርሰው ጎረቤት

ጥብጣቡ ሦስት ቀለም አለው። ዕድሜው ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት የሆነ ሕፃን የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። የጤና ሰዎች «ሙአክ» የሚሉትን ይህን መለኪያ ለመጠቀም ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ሁለቱን እግሮች በአውራ ጣት ተጭኖ ሲለቁት ጎድጉዶ መቅረቱን ማየትም እንዲሁ። የቦረናም ሆነ የአፋር እናት ይህን ለመማር ብዙ ጊዜ አይወስድባትም። ችግሩ የሚመጣው ቀዩ ከታየ በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ያለበት ጤና ኬላ ሩቅ ነው።

ርቀት ምን እንደሚያስከፍል በ1992 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ታይቷል። ከብቱ ያለቀበት ሕዝብ ምግብ ፍለጋ ሲሰባሰብ ኩፍኝ ገባበት። በኋላ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከአምስት ዓመት በታች ከሞቱት ሕፃናት 22 በመቶው ላይ ኩፍኝ ለብቻው ወይም ከመክሳት ጋር ተደርቦ ነበር። አብዛኛው ሞትም የደረሰው ዋናው እርዳታ ከመግባቱ በፊት ነው። የዚያን ዘመን ሕክምና ደግሞ ሕፃኑን አስተኝቶ በልዩ ወተት ለሳምንታት መመገብ ነበር። እናት አንዱን ልጅ ይዛ ስትተኛ ሌሎቹን ለማን ትተዋለች? ብዙዎች የማይመጡት ወይም አቋርጠው የሚሄዱት ለዚህ ነበር።

መልሱም የተገኘው ከዚሁ አገር ነው። በ1993 ዓ.ም. በሐድያ፣ ባዳዋቾ፣ በጽኑ የተጎዱ 170 ሕፃናት ሳይተኙ እቤታቸው ታከሙ፤ 85 በመቶው ዳኑ፣ 4 በመቶው ሞቱ። የበሉት ከኦቾሎኒ፣ ከወተት ዱቄት፣ ከዘይት፣ ከስኳርና ከቫይታሚን የተሠራ ሊጥ መሰል ምግብ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ብሪያን ከሚሼል ሌስካን ጋር ከጥቂት ዓመታት በፊት የፈጠሩት ሲሆን በእኛ ዘንድ ፕላምፒ ነት በሚለው ስሙ ይታወቃል። ውኃ ስለሌለበት ተህዋስያን አይራቡበትም፤ መቀቀልም አይፈልግም። አንዱ እሽግ 92 ግራም ሲሆን 500 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል።

ከ2000 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ሕክምናው ወደ ጤና ኬላ ወረደ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየሳምንቱ ሕፃኑን ይለካሉ፣ የምግብ ፍላጎቱን ይፈትሻሉ፣ ምግቡንና አሞክሳሲሊን የተባለውን መድኃኒት ይሰጣሉ። የማይበላውን ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ያለበትን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይልካሉ። ለደጋው ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር። ጤና ኬላ ግን ግድግዳ ነው፤ አርብቶ አደሩ ይሄዳል። ቦረና የሚታለቡትን ከብቶች ከቤተሰቡ ጋር ያስቀራል፣ «ዋራ» ይላቸዋል፤ «ፎራ» የሚባለው ደረቁ መንጋ ይርቃል። ድርቅ ሲበረታ ዋራውም ይከተላል፣ ሕፃኑም ወተቱን ያጣል። በሶማሌ ክልል፣ በሊበንና በሺኒሌ፣ ላሞችና ፍየሎች ቤት አካባቢ ቀርተው መኖ ሲቀርብላቸው የሕፃናቱ አቋም በድርቅ ወቅት እንኳ እንዳልወረደ ታይቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሕፃኑን ማከም የሚጀምረው ላሚቷን ከማብላት ነው። በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. መካከል አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ግን ላሚቷም አልቀረችም።

ታዲያ በየቤቱ እየዞረች የምትለካው ጎረቤት፣ በጎ ፈቃደኛዋ፣ ለምን ራሷ አታክምም? ጥያቄው አዲስ አይደለም፤ መልስም አለው። በማሊ፣ ኪታ፣ የመንደር ጤና ሠራተኞች ካከሟቸው ሕፃናት 94.2 በመቶው ሲድኑ በጤና ጣቢያ የታከሙት 88.6 በመቶ ነበሩ፤ ያቋረጡትም በመንደሩ ያንሱ ነበር። በደቡብ ሱዳን ማንበብ የማይችሉ በጎ ፈቃደኞች በቀለምና በሥዕል የተዘጋጀ መሣሪያ ይዘው ሕፃናትን አክመዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ሥልጠናና ክትትል እስካለ ድረስ የመንደር ጤና ሠራተኛ ማከም እንደምትችል ተቀብሏል። በእኛ አገር ግን የበጎ ፈቃደኛዋ ሥራ በአብዛኛው መለካትና መላክ ነው። «ሂጂ» ትላለች፤ እናትየዋ የምትሄድበት ግን ሩቅ ነው።

ሕክምናውን ለእሷ ለመስጠት የሚያመነቱ ሰዎች የሚፈሩት ምግቡ ይባክናል ብለው ነው። በከተማ ሱቅ ሲሸጥ የታየ ዕቃ ስለሆነ ፍርሃቱ ከመሬት አልተነሣም። ለአንድ የተሰጠው ምግብ ለሦስት ወንድምና እህት መከፋፈሉም እውነት ነው። ሆኖም ሌሎቹ ልጆች ተርበው አንዱን ብቻ ምንቸገረኝ ብሎ የሚያበላ ቤት የት አለ? ይህን የሚያርመው ቁጥጥር ሳይሆን ለቤቱ የሚደርስ እህል ነው።

አቅርቦቱ ራሱ ከእጅ ወደ አፍ ነው። አገር ውስጥ የሚያመርት ፋብሪካ ቢኖርም ገዢዎቹ በአብዛኛው ለጋሾች ናቸው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ በማጣቱ በኢትዮጵያ የ650,000 የተጎዱ ሴቶችና ሕፃናትን ሕክምና እንደሚያቆም አስታውቋል። መለኪያው ቀይ ያሳያል፣ ካርቶኑ ባዶ ነው፤ በጎ ፈቃደኛዋም በጎረቤቶቿ ፊት የምትናገረው ታጣለች።

ሌላው ጉዳይ የእሷ እንጀራ ነው። ድንበር ተሻግሮ በኬንያ ያለችው አቻዋም ለዓመታት በነፃ ሠርታለች። ኬንያ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ለ100,000 የማኅበረሰብ ጤና አስፋፊዎች ቦርሳ አድላ በወር 5,000 ሺሊንግ ለመክፈል ወሰነች፤ ግማሹን ማዕከላዊው መንግሥት፣ ግማሹን ካውንቲው ሊሸፍን። ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ሥራ መሆኑን ግን ያምናል። የእኛዎቹ ሴቶች ውኃ ቀድተው፣ ከብት አግደው፣ ከዚያ በተረፋቸው ጊዜ ነው በየቤቱ የሚዞሩት።

የክልል ጤና ቢሮዎች የቆላ ወረዳዎችን በጀት ሲይዙ ሁለት ነገር እንዲጨምሩ እንጠይቃለን፦ ለበጎ ፈቃደኛዋ የወር አበል፣ እና በጋው ሳይጠና መንደር ውስጥ የሚቀመጥ የምግቡ ክምችት። አንድ ካርቶን 150 እሽግ ይይዛል። አንድ በጽኑ የተጎዳ ሕፃን እስኪድን የሚበላው ወደዚያው ይጠጋል።