በዝናብ ቀን ስለሚጠፋ የቤት መኪና

አሮጌ ቮልስዋገን ያለው ቤተ ሰብ በአዲስ አበባ ከተማ ጥቂት አይደለም። ይህ ዓይነት መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣ፤ ስለዚህ በየደጁ የምናየው ሁሉ ዕድሜ የተጫነው ነው። ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄዱት የሽቦ ጫፎች ግን ከእርሱ ቀድመው ያረጃሉ። ይህንንም በገዛ ቤታችን በደረሰብን ችግር ስለ ተማርነው ለአንባቢዎች ልንገልጸው ወደድን።

በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት ትንሿ ልጃችን ትኩሳት ጸንቶባት ወደ ሐኪም ቤት ይዘናት ስንሄድ ዝናብ ይጥል ነበር። መንገዱን ሳናጋምስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ ጸጥ አለ። ቁልፉን ብናዞር ሞተሪኖው በኃይል ያዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም። ባለቤታችን ልጅቱን በጋቢ ጠቅልላ ታክሲ እስኪገኝ ድረስ በዝናብ ቆመች፤ እኛም መኪናውን ከነቁልፉ ትተን ተከተልናት። ልጅቱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ዳነች።

በማግሥቱ ፀሐይ ሲወጣ መኪናው ያለ ችግር ተነሣ። ወደ አንድ ጋራዥ ብንወስደው ባለሙያው በቆመበት ሆኖ «ቦቢናው ሞቷል» ብሎ ፈረደ። ቦቢናው ተለወጠ፤ በሁለተኛው ሳምንት ዝናብ ሲመጣ ሞተሩ እንደገና ጠፋ። ያን ጊዜ ካርቡራተሩ ተከሰሰ፤ እርሱም ተፈቶ ታጠበ፤ ገንዘብ ተከፈለ፤ ነገሩ ግን እንዳለ ቀረ። ዕድሜያችንን በችሎት ጽሕፈት ላሳለፍን ለእኛ፤ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ፍርድ መሆኑ ሊታወቀን በተገባ ነበር።

ነገሩን የገለጡልን በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናቸው። «ልጄ፤ ዕቃውን ከመጣልህ በፊት ሽቦውን ጠይቀው» አሉን።

የእሳቱ መንገድ እንዲህ ነው። ከባትሪ የሚነሣው ኤሌክትሪክ በቁልፉ በኩል አልፎ በቦቢናው ላይ 15 ቁጥር ወደ ተጻፈበት ጫፍ ይደርሳል፤ ከ1 ቁጥር ደግሞ በዲስትሪብዩተሩ ውስጥ ወደሚከፈተውና ወደሚዘጋው መገናኛ ይሄዳል። መገናኛው በተከፈተ ቁጥር ቦቢናው ብዙ ሺህ ቮልት አመንጭቶ በወፍራሙ ሽቦ ወደ ካንዴላዎቹ ይልካል። እንግዲህ በ15 ቁጥር ላይ የተሰካው ናስ የላላ ወይም አረንጓዴ ዝገት የያዘው እንደ ሆነ፤ ከኃይሉ ከፊሉ እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ የካንዴላውም እሳት ይደክማል። ደካማው እሳት በደረቅ ቀን ይበቃ ይሆናል፤ በወፍራሞቹ ሽቦዎች ላይ እርጥበት ባረፈ ጊዜ ግን ደግሞ ወደ ውጭ ሾልኮ ስለሚባክን ሞተሩ ይቆማል።

ሽማግሌው ቁልፉን አብርተው፤ መገናኛው ተዘግቶ ሳለ፤ በቮልት መለኪያ ባትሪውንና 15 ቁጥርን አመሳከሩ። ባትሪው 12 ቮልት ሲያሳይ ለቦቢናው የደረሰው 9 ብቻ ነበር። (ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን አብርቶ ብዙ ማቆየት ቦቢናውን ስለሚያግለው አይገባም።) በጥንቶቹ ባለ 6 ቮልት መኪናዎች ላይ እንዲህ ያለ ጉድለት ይልቁን ይከፋል።

ጥገናው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አስቀድሞ ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ባትሪ ይፈታል፤ ልጆች በዚያ ላይ ተቀምጠው እንደ ሆነ ማስነሣት ነው። የተሰካው ናስ ልል ብቻ ከሆነ በፒንሳ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ይበቃል። ሽቦው ራሱ አረንጓዴ ከሆነ ግን የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪታይ ድረስ ይቆረጣል፤ ልባሱ ሰባት ሚሊሜትር ያህል ይላጣል፤ በሽቦው ልክ የሆነ አዲስ ናስ ገብቶ በማጥበቂያ ፒንሳ ይጨመቃል። ከዚያም በእጅ መሳብ ነው፤ ከወጣ ሥራው አልተሠራም። ሽቦውን ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል፤ በየመንገዱ እንደምናየው፤ ውሃን እዚያው መያዝ ነው። ሽቦው ካጠረም ተወጥሮ አይሰካም፤ ሞተር ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ የተወጠረ ሽቦ ይበጠሳልና ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ሽቦ ይቀጠልበታል።

የካንዴላዎቹን ሽቦ የሚፈታ ሰው አስቀድሞ በየአንዳንዱ ላይ ምልክት ይሰር፤ የእሳቱ ተራ 1፤ 4፤ 3፤ 2 ነውና ቢሳሳት ሞተሩ አይሠራም። ሲነቅልም ሽቦውን ሳይሆን የጎማውን ቆብ ይያዝ። በዚያው አጠገብ የሚያልፈውን የቤንዚን ጎማ ሳያይ ክዳኑን አይዝጋ፤ የተሰነጠቀ ከሆነ አዲስ እስኪገባ ድረስ መኪናውን ማስነሣት አይገባም፤ በእሳት የጠፋ ቮልስዋገን ብዙ ነው።

አዲሱ ናስ ከተሰካ በኋላ መለኪያው ወደ 12 ተጠጋ። በዚያው ሳምንት ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ ባደረበት ጧት ባለቤታችን ልጆቹን ልታደርስ ቁልፉን ብታዞር ሞተሩ ወዲያው ተነሣ። እኛም የተፈረደበትን አሮጌ ቦቢና ከመሳቢያ አውጥተን መልሰን ገጠምነው፤ እስከ ዛሬም የሚሠራው እርሱ ነው።