አንድ ቅጂ፣ ሁለት ድምፅ፦ የሜሎትሮን ሞዴሎች ልዩነት ከየት ይመጣል?

የቴፕ ባትሪ ሲደክም ዘፈኑ እየተጎተተ እንደሚወርድ የካሴት ዘመን አድማጮች ያስታውሳሉ። ሜሎትሮን የተባለው የእንግሊዝ የሙዚቃ መሣሪያ ይህንኑ የቴፕ ጠባይ የተሸከመ ነው። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር የዋሽንት፣ የቫዮሊን ወይም የመዘምራን ድምፅ የተቀዳበት ቴፕ አለ። ቁልፉ ሲጫን ቴፑ በማንበቢያው ላይ ያልፋል፤ ከስምንት ሰከንድ ገደማ በኋላ ያልቃል፤ ሲለቀቅ ወደ መነሻው ይመለሳል።

የመሣሪያው ሐሳብ የመጣው ከአሜሪካዊው ሃሪ ቻምበርሊን ሥራ ነው። በሞዴሎች መካከል የሚሰማውን ልዩነት ግን በቴፑ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው ማርክ ሁለት ጎን ለጎን የተቀመጡ ባለ 35 ቁልፍ ሁለት ረድፎች አሉት። ማጉያውም፣ ድምፅ ማውጫውም፣ የገደል ማሚቶ መሰል ድምፅ የሚሰጠው ክፍልም በሣጥኑ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ድምፁ ከሣጥኑ የሚወጣው ለዝቦና ተሞልቶ ነው። የቢትልስ «ስትሮውቤሪ ፊልድስ ፎርኤቨር» መግቢያ ላይ የሚሰማው ዋሽንት የዚሁ ሞዴል ነው።

በ1970 የመጣው ኤም 400 ቀላልና ለመድረክ የሚመች ነው፤ ባለ 35 ቁልፍ አንድ ረድፍ ብቻ አለው። የራሱ ድምፅ ማውጫ ስለሌለው ቫዮሊኑ እርቃኑን ወደ ውጭ ማጉያ ይሄዳል፤ ደረቅ ሆኖ የሚሰማውም በዚህ ነው። ደግሞም ቴፖቹን ሁሉ የሚስበው አንድ ዘንግ ነው። ብዙ ቁልፎች አብረው ሲጫኑ ሞተሩ ይከብደውና ድምፁ በጥቂቱ ይወርዳል። ያገለገለ ኤም 400 የሚገዛ ሰው ቁልፎቹን አንድ በአንድ ብቻ ሳይሆን በሁለት እጁ አብሮ ተጭኖ ቢያዳምጥ ይህን ድካም ቶሎ ይለየዋል።